ጭብጨባው ለማን ነበር

ኅዳር 3፣ 2011፣ ሰኞ ጠዋት

አዳራሹን ከፈትኩ። ወለሉ ያበራል። ጽዳቷ ገና አልገባችም እኮ! ቅዳሜ የሌሊሴ ልጆች ተለማምደውበት ነበር። እነዚህ ልጆች መሬት ላይ ነው የሚንከባለሉት፤ አቧራውን በቱታቸው ጠርገው ይዘውት ይሄዳሉ። ኦቦ ገመቹ ሲገባ ነገርኩት፤ ይኼ ቡድን ለጽዳትም ይጠቅመናል አልኩት። የባህል ጽ/ቤታችን ኃላፊ ነው፣ ቁም ነገር ብቻ ነው የሚወደው። አልሳቀም። የሱንም ጨምሬ ሳቅሁለት።

ዛሬ የሚተየብ አለ። የአዳራሽ አጠቃቀም መመሪያ፣ ረቂቅ። በኦሮምኛ ነው እንግዲህ፣ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል። ቁቤ ላይ ጣቴ ይፈጥናል፣ ወጣቶቹ እንኳ አይደርሱብኝም። አንቺን ግን፣ ደብተሬ፣ በአማርኛ እጽፍሻለሁ። እኛ ስንማር የያዝነው ፊደል ይኼ ነው። የቢሮው በቢሮው፣ የሆድ በዚህ።

ከሰዓት። ተይቤ ጨረስኩ። ብዙው ደህና ነው። ቁልፍ ማን ይይዛል፣ መብራት ማን ያጠፋል፣ ወንበር ማን ይመልሳል። አንቀጽ ስምንት ላይ ስደርስ ግን ጣቴ ቆመ። በአዳራሹ የሚለማመድ ቡድን ሁሉ ውዝዋዜው የየትኛው አካባቢ ባህል እንደሆነ፣ ልብሱም የየት እንደሆነ ያስመዝግብ። ያላስመዘገበ ፈቃድ አያገኝም።

ሌሊሴስ? የሷ ኮንቴምፖራሪ የሚሉት ዳንስ ነው። ልብሱ ቱታ። አካባቢው እኔ እንጃ።

ነጥቡን አስቀምጬ አተምኩት። የተየበ ሁሉ አይጠየቅም።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ሌሊሴ ቢሮ መጣች። ጊንጪ ተወልዳ ጊንጪ ያደገች ልጅ ናት። ቤልጅየም ሄዳ ዳንስ ተማረች፣ ሠራችበት፣ ዓምና ተመለሰች። ከጊንጪ በሚኒባስ እየተመላለሰች የኛንም የነሱንም ከተማ ልጆች ታለማምዳለች። ቁጭ ብላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ዛሬም ሳምቡሳዋን ቆማ እየገመጠች አንቀጽ ስምንትን አነበበችው።

"ታዲያ ጊንጪ ብለሽ ሙዪው፣ አዴ አስቴር።"

"የጊንጪ ባህል ነው ልበል?"

"ቆሎ ሻጮች አውቶቡስ ሲያባርሩ አይተሽ አታውቂም? እሱ ነው የምንሠራው።"

"ልብሱስ?"

"ላብ ነው በያቸው።"

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷ ግን ቶሎ ተወችው። እዚያም አለ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አለችኝ። የት እዚያ? አውሮፓ። እኔ ደግሞ አውሮፓ ሁሉ ነገር ያለቀለት ይመስለኝ ነበር! እሷ በነበረችበት ከተማ ዳንሰኛ እንደ ሠራተኛ የሚቆጠረው ትርኢት ያሳየበት ማታ ብቻ ነው አሉ። የልምምዱ ወራት አይቆጠርም። ሥራ ፈት ተብሎ ይመዘገባል። ዳንሰኞቹ ደንቡ ይቀየርልን ብለው ከከተማው ምክር ቤት ሰዎች ጋር ሲጨቃጨቁ እሷም ተቀምጣ ሰምታለች። አንዱ ሹም ታዲያ ቀን ቀን ምን ትሠራላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። ወንበሩን ወደ ግድግዳ ገፉና ፊቱ መለማመድ ጀመሩ። አንድ እርምጃ ይሠራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይመለሳሉ። እንደገና ያንኑ እርምጃ። ሰውዬው ምሳ ሳይደርስ ደከመውና ወጣ።

ደንቡ ተቀየረ ወይ አልኳት። እሷ እስክትመለስ ገና ይነጋገሩ ነበር።

እሰይ! ክፋት ሆኖብኝ አይደለም፤ ግን ፈረንጅም ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ቀን ቀን ምን ትሠራላችሁ እንደሚል ማወቅ ደስ ይላል።

ስትወጣ ዋናውን ነገር በሩ ላይ ነገረችኝ። የቤልጅየሙ ቡድኗ ተመልሰሽ ነይ ብሏታል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይጠብቃሉ። መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ወለል ካለኝ እዚሁ ነኝ፣ ወለል ከሌለኝ ግን ልጆቹን አስፋልት ላይ አላንከባልልም። ይኸው ነው ያለችኝ። አታካብድም። እኔ ነኝ የማካብደው።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ቁልፍ ላደርስ ሄጄ ቀረሁ። ልምምዳቸውን አየሁ።

እንዴት ልንገርሽ። ሙዚቃ የለም መጀመሪያ። ልጆቹ ተራ ገብተው ቆመዋል፣ ክብደታቸው ሁሉ አንድ እግር ላይ፣ መንገድ ዳር እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን። አውቶቡስ መጣ ማለት ነው። ይሮጣሉ። ክንድ ወደ ላይ፣ ወደ መስኮት። ያልፋቸዋል። አንዷ ሩጫዋን ማቆም አቅቷት ትወድቃለች፣ ሌሎቹ ከላይዋ ይዘላሉ፣ እሷም ሳትነሳ እጇ ብቻ መስኮት ይፈልጋል። እኔ ስንት ጊዜ ከዚያ መስኮት ውስጥ ሆኜ መልሴን ሳልቀበል አውቶቡሱ ተነሥቶብኛል! አንድም ቀን የውጪዎቹ ሰውነት ምን እንደሚሆን አላየሁም።

በሩ ላይ ኦቦ ዲንቃም ቆሞ ነበር። የባህል ቡድናችን አሠልጣኝ። የትምህርት ቤት ኪነት ውስጥ አብረን ነበርን፣ ያን ጊዜ ድቺሳ ሲመታ፣ ያንን የወንዶቹን የዱላና የእግር ጭፈራ፣ መድረኩ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ጉልበቱን ያመዋል። ዛሬ እጁን አጣጥፎ ቆመና ሩጫ ነው እንጂ ውዝዋዜ አይደለም አለኝ። እሺ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ግን አላስችል አለው፣ ገባና የወደቀችዋን ልጅ ይቆጣት ጀመር። እንዲህ አትወድቂም፣ ጉልበትሽን ትጨርሺዋለሽ፣ በጎንሽ ውደቂ እያለ። ልጅቷ እንዳላት ወደቀች። ሌሊሴ ኦቦ ዲንቃ ይድገሙላት አለችው። ደገመላት። ከዚያ ምን እያደረገ እንደሆነ ትዝ አለው መሰለኝ ኮቱን አራግፎ ወጣ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ኅዳር ሚካኤል። በየደጁ ቆሻሻ ተቃጥሎ ከተማው ጭስ ብቻ። ኦቦ ገመቹ እያሳለ ገባ፣ እያሳለ ረቂቁን አነበበ። አንቀጽ ስምንት ላይ ሲደርስ ይብስበታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብሎ ፈረመበት። ሐሙስ በሳምንቱ የውይይት መድረክ ይጠራል፣ ከየከተማው ሰው ይመጣል፣ እዚያ ይጸድቃል።

ምሳ ሰዓት ኦቦ ዲንቃ መጣ። ስለ አንቀጹ እኔ ነኝ የጀመርኩት። ለሌሊሴ አንድ ሐረግ ቢጨመርላት ምናለበት አልኩት። አዲስ ፈጠራ ውዝዋዜም ይፈቀዳል የሚል፣ አንድ መስመር። የአዳራሹ ኮሚቴ አባል ነው፣ ሰው ይሰማዋል።

"አስቱ፣ ለውድድር ስንሄድ የኛን ጭፈራ መቼ ነበር የሚያስገቡት?"

"መጨረሻ ላይ።"

"ሰው ሲወጣ። ወንበር ሲታጠፍ። አሁን ገና ስሙ በመመሪያ ተጻፈ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ላዳብልበት?"

እውነቱን ነው። እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ወንበር ሲታጠፍ የጨፈርኩት እኔም ነኝ። ሌሊሴ ግን ወንበር አላጠፈችብንም አልኩት።

"እሷማ መሬት ላይ ተጋድማ የምትከበርበት አገር አላት። የኔ ልጆች የት ይጋደሙ?"

ሄደ። ነገሩ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለት ልክ ሰዎችና አንድ አዳራሽ። ከሰዓት ሙሉ ይኼን እያሰብኩ ሦስት ደብዳቤ አበላሸሁ።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ፣ ማታ

መድረኩ ዛሬ ነበር። እግሬ አብጧል፣ አፌም ደርቋል፣ ግን ልንገርሽ።

አዳራሹ ጢም አለ። የጊንጪ ሰዎች ፊት፣ የሸነን ሰዎች መኻል፣ የእጃጂዎቹ ዘግይተው ስለመጡ ኋላ። የኦቦ ዲንቃ ቡድን ከፈተ፤ አዳራሹ አብሮ ዘለለ፣ ሸጋ ነበር። እኔ የኮሚቴው አባልና ጸሐፊ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤ ይዤ ጥግ ተቀምጫለሁ። (ከእንግዲህ ቃ/ጉ እለዋለሁ፣ እንደ ቢሮው።)

አካሄዳችንን ታውቂዋለሽ። ኦቦ ገመቹ አንቀጹን ያነባል። አስተያየት ካለ ይላል። አንድ ሁለት ሰው ይናገራል። ከዚያ ተስማማን? ይጨበጨባል። ገለቶማ፣ ብሎ አመስግኖ ገጹን ይገለብጣል። እኔም በጭብጨባ ጸድቋል ብዬ እጽፋለሁ። እጅ ማውጣት፣ መቁጠር የለም። ማንም ማንንም እንዳያስቀይም ይኼ ይሻላል። ዘመናችንን ሁሉ ያጸደቅነው እንዲሁ ነው።

የመብራት አንቀጽ ላይ አንድ የሸነን ሴትዮ መብራት ማን ያጠፋል ብላችሁ ጽፋችኋል፣ እኛ ጋ ራሱ ነው የሚጠፋው አሉ። አዳራሹ በሳቅ። ይህንም ቃ/ጉ ላይ ጻፍኩት፣ ምን ቆርጦኝ እተዋለሁ።

ሰዓቱ ሄደ። በፕሮግራሙ ከምሳ በፊት የሌሊሴ ቡድን ያሳያል። ኦቦ ገመቹ ግን አንቀጽ ስምንትን ሳልጨርስ ምሳ የለም ብሎ መነጽሩን አጥልቆ ማንበብ ጀመረ። ልጆቹ ከኋላ በር ውጭ ተሰልፈዋል። ፀሐይ ላይ ናቸው። እኔ አየኋቸው። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ በረኛው ተራቸው የደረሰ መስሎት በሩን በረገደው።

ገቡ! በወንበሩ መኻል፣ እየሮጡ፣ ክንዳቸው ወደ ላይ። አንዷ እዚያው በሩ አጠገብ በጎኗ ወድቃ ተነሣች። ከጊንጪዎቹ አንዱ "ቆሎ! ቆሎ!" ብሎ ጮኸ፤ ያገሩን ሩጫ ለይቶታል። አዳራሹ ፈነዳ። ያ ደረቅ የስብሰባ ጭብጨባ እንዳይመስልሽ። የሠርግ ነው። ኦቦ ገመቹ ከወረቀቱ ቀና አለ፣ በፈገግታ። እንዲህ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ገለቶማ አለ፣ ጸድቋል አለ፣ ገጹን ገለበጠ።

የኔም እጅ፣ ልማዱን ታውቂያለሽ፣ አን. 8 በጭብጨባ ጸድቋል ብሎ ጻፈ። ዓይኔ ልጆቹ ላይ ነበር።

ከዚያ ዳንሱ። ሰው ምሳ ረሳ። ሌላ ቀን እተርክልሻለሁ፣ እንቅልፌ መጣ። ደስ ሲል!

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ደስታዬ እስከ ጠዋት ነበር። ቃ/ጉ ስገለብጥ አየሁት። ስምንተኛው በጭብጨባ ጸድቋል።

ጭብጨባው እኮ ለልጆቹ ነበር! ልጆቹን የሚያስወጣውን አንቀጽ ለልጆቹ በተጨበጨበ ጭብጨባ አጸደቅነው። ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ።

ኦቦ ገመቹ ጋ ገባሁ። ነገርኩት። እሱም መጀመሪያ ሳቀ፣ ከልቡ ሲስቅ ሳየው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ አይሆንም አለ።

"ጭብጨባ ጭብጨባ ነው፣ አዴ አስቴር። የማን እጅ ለምን እንደተመታ ልትጽፊ ነው?"

"ሰዉ አንቀጹን አልሰማውም እኮ።"

"ካልሰማው ጥፋቱ የጆሮ ነው። እኔ ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ።"

ክፉ ሰው አይደለም። የሚያስበው ወረቀቱ በዓርብ ሳምንት ለዞን እንዲደርስ ነው። ሰው እንደገና መጥራት፣ እንደገና ማንበብ፣ እንደገና ምሳ ማዘዝ፣ ይኼ ሁሉ ፊቱ ላይ ይነበባል።

ከሰዓት ሌሊሴ መጣች፣ ፊቷ ሁሉ ጥርስ። ጊንጪ መናኸሪያ ቆሎ ሻጮቹ ሳይቀሩ ሰምተዋል አሉ፣ እኛን ነው የጨፈራችሁት ብለው ቆሎ በነጻ አፍሰውላታል። ለኔም አመጣችልኝ። እየቆረጠምኩ ነገርኳት። ሌላ ሰው ከሚነግራት።

"ማለት... ወደውን አስወጡን?"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፣ ረጅም ሳቅ። መቀመጧ ራሱ አስደነገጠኝ። ከዚያ የጫማዋን ክር ፈታች፣ እንደገና አሰረች። እኔ ቆሎውን መቆርጠም ቀጠልኩ። ማታ ለቤልጅየሞቹ ልጽፍላቸው ነው አለችኝ። ትንሽ ቆዪ አልኳት። ለምን ቆዪ እንዳልኳት እኔም አላውቅም። ገለቶሚ ብላኝ፣ አመስግናኝ ነው የሄደችው። ምን አድርጌላት ነው የምታመሰግነኝ?

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ቅዳሜና እሑድ ስብሰለሰል ከረምኩ። ባለቤቴ ድስቱ አረረ እያለ ሁለቴ ጠርቶኛል። ዛሬ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ማን ጀመረ? ጭብጨባ እኮ የሚጀምረው ሰው አለው። ዓይኔን ጨፍኜ አዳራሹን ሳየው ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ልጆቹ ሲገቡ ፊት ለፊት የነበረው ኦቦ ዲንቃ ነው። እጁ ትልቅ ነው፣ ሲያጨበጭብ ይለያል።

ሄድኩበት። ቡድኑን ያለማምዳል። ከበሮው እስኪያርፍ ጠብቄ ጎትቼ አወጣሁት።

"ዲንቃ፣ ሐሙስ ዕለት ለማን ነው ያጨበጨብከው?"

"ጥያቄ ነው?"

"ጥያቄ ነው።"

መሬት አየ። ከዚያ ያቺ ልጅ በጎኗ ወደቀች እኮ አለኝ። ልክ እንዳሳያት። ደስ ብሎት አጨበጨበ። ሰውም ተከተለው።

ስለዚህ ለአንቀጹ አይደለም አልኩት። አይደለም አለ። ግን አንቀጹንም እደግፋለሁ አለ። ታዲያ ይህንኑ ለኦቦ ገመቹ ንገርልኝ ስለው ፊቱ ተዘጋ።

"እኔ የወደቀ ፍሬ አነሳሁ እንጂ ዛፍ አልነቀነቅሁም።"

"ከሰው ጓሮ ነው የወደቀው።"

"አይ አስቱ! አንቺ ድሮም አፍሽ ካንቺ ቀድሞ ነው መድረክ የሚወጣው።"

ተቀያየምን ማለት ይከብደኛል። ስንለያይ ግን እጄን አልጨበጠም። ከበሮው ተነሣ፣ እኔም ወደ ቢሮዬ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ገረመኝ። ሰውዬው አልዋሸኝም። በቀላሉ ሊዋሸኝ ይችል ነበር።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ቃ/ጉ ለፊርማ ዞረ። የኮሚቴው አባላት ሁሉ ፈርመዋል። ዲንቃም ፈርሟል፣ ረጅሙን ፊርማውን። የኔ ቦታ ብቻ ባዶ። ሥራ ይዣለሁ ብዬ፣ ቀለም አልቆብኛል ብዬ፣ ሆዴን ብዬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አዘገየሁት። ኦቦ ገመቹ በራፌ ላይ ሁለቴ ቆመ። ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን አለ። ተቆጥቶ አይደለም፣ ደክሞት።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ፈርሚና ግቢ፣ አለኝ። አንቺ ባትፈርሚ ያ ወረቀት ይቀራል? አይቀርም አልኩት። ታዲያ? ታዲያ የጻፍኩት እኔ ነኛ አልኩት። እሱም ይኼ መልስ ነው? አለና ሬዲዮውን ከፈተ።

አየሽ፣ ደብተሬ፣ እኔ ሌሊሴ ትክክል ናት ማለቴ አይደለም። ቢጠየቅ ሰዉ አይሆንም ሊል ይችላል። መብቱ ነው። እጃጂዎቹ በሙሉ ከዲንቃ ጋር ናቸው፣ የሸነኖቹን አላውቅም። ግን አልተጠየቀማ! ሰው ሳይጠየቅ መልስ ሰጠ ብዬ እንዴት ልፈርም። ልጅቷስ በማን አይሆንም ትሂድ? አይሆንም ያላት ሰው የለም። ያዩዋት ሁሉ ያጨበጨቡላት ብቻ ናቸው።

የልዩነት ሐሳብ የሚባል አለ። አባል ካልተስማማ ከፊርማው በላይ ልዩነቱን ጽፎ ይፈርማል፣ ልዩነቱ ከወረቀቱ ጋር ይሄዳል። እንዲህ የተጻፈበት ቃ/ጉ ዞን ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያ ተስማሙ ተብሎ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው ተይቤ አውቃለሁ። ለራሴ አንድም ቀን አልጻፍኩም። ሴትዮ ትፈርማለች እንጂ ትለያለች ማን ይላል።

ኅዳር 28፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ጻፍኩት። በእጄ፣ በስመ ጥሩው የትምህርት ቤት የአማርኛ ጽሕፈቴ ሳይሆን በቁቤ፣ እንዲነበብ። አንቀጽ ስምንት ሲነበብ የተሰማው ጭብጨባ ለዳንሰኞቹ መግባት እንጂ ለአንቀጹ አልነበረም። ሰው ስላልተጠየቀ በእጅ ይጠየቅ። አስቴር፣ አባልና ጸሐፊ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ። ሰጠሁት። ኦቦ ገመቹ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። አንቺ ብቻ ነሽ እኮ አለኝ። አንቺ ብቻ ብትሆኚም ዞኑ ይመልስብኛል፣ ለምን ታስቸግሪኛለሽ። እኔም ይቅርታ ኦቦ አልኩት። ይቅርታዬ የእውነት ነው። ቆምኩ፣ እሱም ቆመ። ወረቀቱን አልመለሰልኝም፣ አልወሰደውምም፣ መኻል ላይ ተንጠልጥሎ።

አምስት ሰዓት። ሌላ ጉድ! ዲንቃ የአዳራሽ ቁልፍ ሊወስድ ገብቶ ኦቦ ገመቹ ጋ ሲጯጯሁ ሰማሁ። ማለት የሚጮኸው ገመቹ ነው፣ አንተስ ምን ትላለህ ሰውዬ፣ ጓደኛህን ምከራት እያለ። ዲንቃ ወረቀቱን ስጠኝ አለው። ቆሞ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ እስክሪብቶ ጠየቀ። ከኔ ጽሑፍ ሥር ጻፈ፣ እንደ ፊርማው ሰፊ አድርጎ። መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ ለልጆቹ ነበር። እጅ አውጡ ስትሉ ግን ለአንቀጹ አወጣለሁ። ዲንቃ።

ወጥቶ በበራፌ ሲያልፍ አየኝ።

"እንዳትደሰቺ። አሸንፍሻለሁ።"

"እንኳን ደህና መጣህ" አልኩት። ሌላ የሚባል አልመጣልኝም።

ከሰዓት። ተቆርጧል። ሁለት አባል፣ ያውም አንዱ ያጨበጨበው ራሱ፣ እንዲህ ከጻፈ ወረቀቱ አይላክም አለ ኦቦ ገመቹ። የየከተማው ሰዎች ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ፣ ለሌላ ስብሰባ እዚሁ ይመጣሉ። አንቀጽ ስምንት ብቻ ይነበብላቸዋል፣ በሩ ተዘግቶ፣ ልጅም ከበሮም ሳይገባ። እጅ ይወጣል። እኔ ዛሬ ያቀረብኩለት አዲስ ፈጠራ የምትለዋ መስመርም አማራጭ ሆና ትቀርባለች። በደመ ነፍስ እጁን ሊያጨበጭብ የሚነሣ ሰው ካለ ኦቦ ገመቹ እጁን ይይዝለታል ብሏል። ቀልድ ቀለደ! ዘንድሮ ዓለም ተገለበጠ።

ለሌሊሴ ደወልኩላት። ሐሙስ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ አጉል ተስፋ አልሰጥሽም አልኳት።  ከዚያ ለቤልጅየሞቹ አንድ ሳምንት ታገሡኝ ብዬ እጽፋለሁ አለች። ዲንቃ ምን እንደጻፈ አነበብኩላት። እሱ ሰውዬ ቢሸነፍ ደስ ይለኛል፣ ቢያሸንፍም አልጠላውም ብላ ሳቀች። ልጆቹን ቅዳሜ ታመጣለች። ፈቃዳቸው እስከ ሐሙስ አለ።

ጊንጪዎቹ ይደግፏታል ብዬ እገምታለሁ። እጃጂዎቹ አይሆንም ይላሉ። የሸነን ሰዎች እንደ መብራታቸው ናቸው፣ መቼ እንደሚበሩ አይታወቅም። ስቀምረው ውዬ እኩል ለእኩል እየመጣ አስቸገረኝ። አንድ እጅ ነገሩን ሊለየው ይችላል።

አሥር ሰዓት። ተመልሼ ኦቦ ገመቹ ጋ ገባሁ። ጸሐፊ እጅ ታወጣለች ወይ አልኩት። አስቦ፣ መመሪያውን ገልጦ፣ አባል ነሽ እኮ አለ። አባል ነኝ። ስንት ዓመት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ አንድም ቀን አላወጣሁም፤ ሁልጊዜ እየጻፍኩ ነበርና።

እንግዲያውስ ሐሙስ ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይያዝ አልኩት። እኔ ከሰዉ ጋር እቀመጣለሁ።